የኋላ ሾክ ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ነው? ፐልሰር 150፣ ሀዋሳ

ፍሪጅ_ሰሪው፦

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሞተሬ ፐልሰር 150 ናት። ሁለተኛ እጅ ነው የገዛኋት። ቆጣሪዋ 38,000 ይላል፤ ያመነ ይመን። ሥራዬ ፍሪጅ ጥገና ነው። ጠዋት ከአቶቴ እወጣለሁ፣ እስከ ቀትር መናኸሪያ አካባቢ እሠራለሁ፣ ከሰዓት ቱላ እወርዳለሁ። ደንበኛ ከደወለ ጥቁር ውሃን ተሻግሬ ሻሸመኔም እገባለሁ። ከኋላ የብረት ሳጥን አስበይጄላታለሁ። ትናንት ሳጥኑን አውርጄ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፦ ከነጋዙ፣ ከነቫኪዩም ፓምፑ፣ ከነቁልፎቹ 24 ኪሎ። እኔ 83 ኪሎ ነኝ። ባለቤቴን አልመዘንኳትም። ጠይቄያት ነበር፣ በዓይኗ መለሰችልኝ።

ችግሩ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ኮብልስቶን ላይ ስገባ እጄ ይደነዝዛል። ከአስፋልት ወጥቼ ወደ ሰፈሬ የምገባባት መንገድ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ቤት ደርሼ የበሩን ቁልፍ ስፈልግ ግን ጣቶቼ የሰው ጣት ይመስሉኛል።

ሁለተኛ፣ ስፒድ ብሬከር ላይ ከኋላ ሰው ስጭን «ጓ!» ይላል። ብረት ከብረት ሲማታ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ትነጥራለች።

ሦስተኛ፣ የሻሸመኔ መንገድ ላይ 70 ስትገባ ኩርባ ላይ ትንሳፈፋለች። ሲኖትራክ በጎኔ ካለፈማ ሐይቁ ላይ በጀልባ ያለሁ ነው የሚመስለኝ። ፍሬን ስይዝ ደግሞ አፍንጫዋ ድፍት ይላል።

ባለቤቴ ሪፈራል ሆስፒታል ነርስ ናት። የሌሊት ተራ ሲኖራት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የማመጣት እኔ ነበርኩ። ነበርኩ ነው የምለው። ካለፈው ወር ጀምሮ በባጃጅ ነው የምትመጣው። «ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድሬ፣ ደግሞ አንተ ወገቤን ልትሰብረው?» አለችኝ። ሰው በባጃጅ ሲበለጥ ምን እንደሚሰማው ያልደረሰበት አያውቀውም።

ሦስት ጋራዥ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው «ሁለቱንም የኋላ ሾክ ቀይር፣ ሞቷል» አለኝ። ሁለተኛው «ረጅም ሾክ እንግጠምልህ፣ ከፍ ትላለች፣ አትመታም» አለ። ሦስተኛው በሾኩ ሞላ መሃል ጎማ ቆርጦ ከተተልኝ። ጎማዋ በሁለተኛው ቀን ሪፈራል መታጠፊያው ላይ ወደቀች። ወድቃ ያገኘ ካለ ይጣላት።

አንድ ነገር ረስቼ፦ ግንቦት ላይ የፊት ሾኩ ዘይት ያፈስ ነበር። አንድ ቦታ ኦይል ሲሉን (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ) ቀይረው ዘይት ሞሉልኝ። መፍሰሱ ቆሟል፣ እሱ ላይ ችግር የለም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። አዲስ የኋላ ሾክ ጥንድ መግዛት ለእኔ ቀልድ አይደለም፣ ከቤት ኪራይ ጋር ነው የሚጋጨው። ገዝቼ ካልተስተካከለ ከቤትም ከሥራም ሰላም የለኝም። ልግዛ?


አሞራ_ገደል_08፦

ወንድሜ አትጨነቅ፣ ረጅም ሾክ ግጠም። እኔ የመጀመሪያው 32 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ 36 ገጠምኩ። ሞተሬ እንደ ፈረስ ቆመች። ስፒድ ብሬከር የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ደግሞም ታምራለች፣ እውነቱን እንነጋገር።


ጋሽ_ዳዶ፦

ልጄ፣ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ገና ምርመራ አልተደረገም፣ መድኃኒት ተጽፎልሃል።

እኔ ከቬስፓ ዘመን ጀምሮ ሞተር ስፈታ ነው የኖርኩት። አሁን ዓይኔ ደክሟል፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የመጣልኝ ሞተር ሁሉ «ሾክ ሞቷል» ተብሎ ነው የሚመጣው። ግማሹ ሾኩ ደህና ነው። ሌላ ነገር ነው የሚሞተው።

መጀመሪያ ትልቁን ማቆሚያ አውጣና ሞተሯን አቁማት። ከሞተሩ ሥር ጣውላ ደግፈህ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳው። ቁጭ በልና የፊት ሾኩን ከታች በሁለት እጅ ይዘህ ወደ ፊት ወደ ኋላ ግፋ። «ቀጭ ቀጭ» ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ቀጥሎ መሪውን በአንድ ጣት ቀስ ብለህ ከግራ ወደ ቀኝ አዙር። መሃል ላይ ጉድጓድ የገባ ይመስል የሚይዝህ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ከዚያ ወደ ኋላ ሂድ። የኋላውን ጎማ ይዘህ ወደ ጎን ወደ ጎን ነቅንቅ። ስዊንግ አርሙ፣ ማለትም የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ፣ ከስሩ ከተንቀሳቀሰ ቡሺንጉ (ክንዱ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል። ኩርባ ላይ ተንሳፈፈች ያልከኝ አንዱ ምንጭ እሱ ሊሆን ይችላል። የወርቅ ሾክ ብትገጥም የላላ ስዊንግ አርም አይድንም።

ሁለተኛ፣ የኋላ ሾኮችህ ሥር ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። በፐልሰር 5 ደረጃ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ደረጃ ላይ ናቸው? ሄደህ እይ። ሰው ይስቃል፣ ግን በሕይወቴ ካየሁት ውስጥ እኩል ያልሆነው ይበዛል። እዚያው እያለህ የሾኩን ዘንግ በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ዘይት ከያዘ ያ ሾክ በእውነት ሞቷል፣ ያኔ ጋራዡን ይቅርታ ትጠይቃለህ።

ሦስተኛው ነው ያስደነገጠኝ። ግንቦት ላይ ምን ዘይት ነው የሞሉልህ? «እሱ ላይ ችግር የለም» ብለህ አልፈኸዋል። እኔ ደግሞ ከጻፍከው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። እጄ ይደነዝዛል ያልከው ከግንቦት በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ረጅም ሾክ ላለው ልጅ፦ አንተ ልጅ፣ በ4 ሳንቲ ሜትር ጅራቷን ስታነሣ አፍንጫዋ ወደ መሬት ይሄዳል። የፊት ሹካው ቀጥ ብሎ ይቆማል። መሪው ቀላል ይሆንልሃል፣ ከተማ ውስጥ ደስ ይላል። 80 ላይ ጉድጓድ ስትመታ መሪው በእጅህ ሲወራጭ ያኔ እንነጋገራለን። ሰንሰለቱንም እይ። ትልቁ ማቆሚያም ላይ ስታቆማት ጎማው መሬት አይለቅልህም።


አሞራ_ገደል_08፦

ጋሼ የማቆሚያውን ነገር እንዴት አወቁ? 😂 እውነት ነው፣ ድንጋይ ከሥር አድርጌ ነው የማቆማት።


የቱላዋ፦

እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ በሞተር ነው የምውለው። ከቱላ ወደ ይርጋለም፣ ወደ አለታ ወንዶ፣ ከዚያ ደግሞ አስፋልት ወደሌለበት። ስለ ሾክ ብዙ አላውቅም፣ ሁለት ነገር ግን ልበል።

የጎማህ ንፋስ ስንት ነው? ጎሚስታ ዘንድ ስትሄድ «ሙላልኝ» ብለህ ዝም ካልክ ለመኪና የሚሞላውን ነው የሚሞላልህ። እኔ አንድ ጊዜ 45 ተሞልቶልኝ ኮብልስቶን ላይ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነበር። የሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ ልኩ አለ። በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካል።

ሁለተኛው ሳጥንህ ነው። የት ጋ ነው የተበየደው? ከኋላ ጎማው መሃል ወደ ኋላ ካለፈ 24 ኪሎህ እንደ ማንሻ ዘንግ የፊት ጎማህን ያነሣዋል። ክብደት ያላረፈበት የፊት ጎማ መንገድ አይዝም። እኔ የቡና ናሙና ስጭን ከባዱን ከመቀመጫው ጋር አጣብቄ ነው የማስረው፣ ቀላሉ ነው ከኋላ የሚሆነው። ልዩነቱን በመጀመሪያው ኩርባ ታየዋለህ።

ባለቤትህን ደግሞ በባጃጅ መሄድ ደስ ብሏት እንዳይመስልህ። ትጠብቅሃለች። 🙂


ፍሪጅ_ሰሪው፦

ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ዘግቼ ግቢ ውስጥ ስለካ ዋልኩ። የጎረቤት ልጅ ሜትር ያዘልኝ።

ከሚያሳፍረው ልጀምር። እኔ የግፊት መለኪያ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ። የሰው ፍሪጅ ጋዝ በቁጥር ካልለካሁ አልነካም። የራሴን ጎማ ለክቼ አላውቅም። የፊት 38፣ የኋላ 44 ነበር። መመሪያው የፊት 25፣ የኋላ ለብቻ 28፣ ሰው ሲጫን 32 ነው የሚለው። ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጥኩት ማለት ነው።

የኋላ ሾክ ቀለበት፦ ግራው 1ኛ ደረጃ፣ ቀኙ 3ኛ ደረጃ። ጋሼ፣ እርስዎ ግቢዬ ገብተው አይተዋል እንዴ?

ነጩ ጨርቅ፦ ቀኙ ንጹሕ። ግራው ዘይት ያዘ። ብዙ አይደለም፣ ግን ያዘ።

ስዊንግ አርም፦ ጎማውን ስነቀንቅ ትንሽ ይሰማኛል፣ ምናልባት 2 ሚሊ ሜትር። የመሪው ኩሽኔታ ደህና ነው።

የኋላ ልኬት፣ ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ሳጥኑ ማሰሪያ፦ ጎማው ተንጠልጥሎ 552 ሚሊ ሜትር። በራሷ ቆማ 541። እኔና ሳጥኑ ስንጫን 503። ባለቤቴ ስትጨመር 478። ልጁ ሲቀንስ 74 አለኝ። የኋላ ጎማው በአጠቃላይ የሚጓዘው 100 አካባቢ ከሆነ፣ ሚስቴን ጭኜ ስፒድ ብሬከር ላይ ስወጣ የቀረኝ 26 ሚሊ ሜትር ነው። ያ «ጓ!» ተፈታ።

የፊቱን በብልሃት ነው የለካሁት። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚታሰርባትን ቀጭን ፕላስቲክ የሾኩ ቱቦ ላይ አስሬ ታች ድረስ ገፋኋት። ሾኩ ሲገባ ትገፋለች፣ ሲመለስ የደረሰበት ላይ ትቀራለች። ስቀመጥባት 50 ገባ። የሰፈሬን ኮብልስቶን አንድ ዙር ስነዳ እጄ እየደነዘዘ 75 ብቻ ነው የደረሰችው። አስፋልት ላይ ጠበቅ አድርጌ ፍሬን ስይዝ ግን 118! ጠቅላላው 130 ነው።

ይሄ ነው ያልገባኝ። ለኮብልስቶን ደረቅ፣ ለፍሬን ለስላሳ። አንድ ሾክ ሁለት ጠባይ ይኖረዋል?

ድንዛዜው ከግንቦት በኋላ ነው የመጣው ጋሼ። አሁን ነው ያስታወስኩት።


ቲቸር_ሞላ፦

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ስሜም ሞላ ነው፣ ይሄ ጥያቄ ካላስነሣኝ ምን ያስነሣኛል።

ሾክ ውስጥ ሁለት ሠራተኛ አለ። ሞላው ክብደት ይሸከማል፣ ምት ሲመጣ ጉልበቱን ያጠራቅምና መልሶ ይወረውራል። ዘይቱ ደግሞ ያን ጉልበት በቀዳዳ እያሳለፈ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የባንክ በር ላይ ከላይ ያለችውን ክንድ አይታችኋል? በሩን የሚዘጋው ውስጧ ያለው ሞላ ነው። ሳይጋጭ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ የሚያደርገው ዘይቷ ነው። ዘይቷ ያለቀ ቀን ባንኩ ሁሉ በሩ «ጓ» ባለ ቁጥር ይደነግጣል። የአንተ ግራ ሾክ ያ በር ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መንጠሯ ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ፊቱ። እንደ ፐልሰር ባሉ ሞተሮች የፊት ሾክ ውስጥ ዘይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ልኩ የተወሰነ ነው፣ አይሰፋም አይጠብም። ቀዳዳ ውስጥ የሚገፋ ዘይት ተቃውሞው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ 2 እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው 4 እጥፍ ይሆናል። ኮብልስቶን ትናንሽ ግን በጣም ፈጣን ምት ነው። ዘይቱ ለማለፍ ጊዜ አያገኝም፣ ሾኩ እንደ ብረት ዘንግ ይሆናል፣ ምቱ ቀጥታ መዳፍህ ላይ ያርፋል። ፍሬን ስትይዝ ግን ሾኩ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ዘይቱ በሰላም ያልፋል፣ የሚይዘው ሞላው ብቻ ይሆናል፣ ሞላህ ደግሞ ደክሟል። ስለዚህ ሁለት ጠባይ አይደለም፣ ሁለት ፍጥነት ነው።

በዚህ ላይ ግንቦት ላይ የተሞላው የሞተር ዘይት ከሆነ፣ ለምሳሌ 20/50፣ የባሰ ነው። ወፍራም ሊጥ በወንፊት እንደማሳለፍ ነው። ሌላም ጉዳት አለው። ሾኩ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ከዚያ ሦስተኛው። እየሰመጠ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የምትነዳው ሾክ በሌለው ሞተር ነው።

አንድ ስህተት ደግሞ ሁሉም ሰው ላይ ስላለ ላርም። የኋላውን ቀለበት ከ1 ወደ 5 ስታዞር ሞላው አይጠነክርም። ሞላው በየሚሊ ሜትሩ 2 ኪሎ የሚሸከም ነው እንበል። 10 ሚሊ ሜትር ብታጠብቀው መነሻው 20 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን አሁንም በየሚሊ ሜትሩ 2 ኪሎ ነው። የጨመርከው ከፍታ ነው፣ ጥንካሬ አይደለም። ከፍታው ግን ለአንተ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ችግርህ ቦታ ማጣት ነው። ሰው ተቀምጦባት ሾኩ ከሚጓዘው አንድ ሦስተኛ አካባቢ ብትሰምጥ ለከተማ ጥሩ ነው። ለአንተ ኋላው ከ30 እስከ 38፣ ፊቱ 40 ገደማ ብታደርገው ይበቃል።

ሞላ በመጋዝ የሚቆርጡ እንዳሉ አውቃለሁ። የሞላው ጥምዝ ቁጥር ሲያንስ ሞላው በእርግጥ ይጠነክራል፣ ስሌቱ ልክ ነው። ግን ቁመቱም ያጥራል፣ የተቆረጠው ጫፍም ቱቦውን ይቧጥጣል። ተዉት።


ጋሽ_ዳዶ፦

ቲቸር፣ ተባረክ። 40 ዓመት በእጄ የማውቀውን ዛሬ ገና በቃል ሰማሁት።

ልጄ፣ የፊቱን አፍስሰው። ሲፈታ ተጠንቀቅ፣ የላይኛው ክዳን ሥር ሞላው ተጭኖ ነው የተቀመጠው። ፊትህን ከላዩ አታድርግ። መጀመሪያ ክዳኑን አላላው፣ ከዚያ ነው ቱቦው የሚወጣው። ሞላው ወጥቶ፣ ሾኩ እስከ ታች ገብቶ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ያለውን ክፍተት ትለካለህ። ሁለቱም እግር እኩል መሆን አለበት፣ በሚሊ ሜትር። ያ ክፍተት አየር ነው፣ አየሩ ሲያንስ ሾኩ መጨረሻ ላይ ይጠነክራል። ቁጥሩን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፣ እንደ ዓመተ ምርቱ ይለያያል።

የሾክ ዘይት ብለህ ግዛ፣ 10 የሚለውን። የደከመውን ሞላ ደግሞ ከላዩ 10 ሚሊ ሜትር የብረት ቀለበት ቶርኖ ቤት አስቆርጠህ ጨምርበት። ከዚያ በላይ አትጨምር።


ቲቸር_ሞላ፦

ዘይት ላይ አንድ ጭማሪ። ጠርሙሱ ላይ ያለው 10 ለሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ 10 ከሌላው 10 ሊወፍር ይችላል። ጀርባው ላይ በ40 ዲግሪ ስንት ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) እንደሆነ ከተጻፈ በሱ አወዳድር። ካልተጻፈ፣ አንዴ የወደድከውን ስም አትቀይር።


ፍሪጅ_ሰሪው፦

ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ዝም ያልኩት ጠፍቼ ሳይሆን ዕቃ እየጠበቅሁ ነው።

በመጀመሪያ ምንም ሳልፈታ የጎማውን ንፋስ ብቻ ነው ያስተካከልኩት። የፊት 25፣ የኋላ 30፤ ሳጥኑን እንደ ግማሽ ሰው ቆጥሬው። በዚያው ቀን ኮብልስቶኑ ግማሽ በግማሽ ቀለለ። ያለ ሳንቲም! ለዚህ ነው አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ልቀይር ያልኩት። ሁሉንም አንድ ላይ ነክቼ ቢሆን ኖሮ ምስጋናውን ለሾኩ እሰጠው ነበር።

ቀጥሎ ሳጥኑን አስነሥቼ 14 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አስበየድኩት። ቫኪዩም ፓምፑ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ ነው አሁን የሚቀመጠው። የቱላዋ፣ ኩርባው ላይ አስታውሼሻለሁ።

ከዚያ የፊቱ። ጋሼ እንዳሉት ፊቴን አዙሬ ፈታሁ፣ ሞላው እጄን መትቶኛል፣ ለትምህርት ይሁነኝ። ዘይቱ ሲፈስስ የወጣው ምን መሰላችሁ? ጥቁር። ወፍራም። የጓዳ ዘይት ድስት ታጥቦበት የመጣ የሚመስል። በሲሪንጅ ለካሁት፦ ከአንዱ እግር 165 ሚሊ ሊትር፣ ከሌላው 120። ያኔ ኦይል ሲሉን የቀየረው ሰው በዓይኑ ነው የሞላው። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሠላምታ እንለዋወጣለን።

ቱቦዎቹን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ 10 ዘይት በጋሼ ቁጥር ሞላሁ። የቶርኖ ቀለበቱን ጨመርኩ። ስንገጥም ደግሞ ጋሼ በስልክ አንድ ነገር አስጨመሩኝ፣ ለሌላውም ይጠቅም። የጎማውን ዘንግ ከማጥበቅ በፊት ፊቱን ወደ ታች አምስት ስድስት ጊዜ እየተጫኑ ማንቀጥቀጥ ነው። ሁለቱ እግሮች ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ነው ብሎኑ የሚጠብቀው። አለዚያ ሁለቱ እግር እየተጣመመ ይጨናነቃል።

አዲሱ ልኬት፦ ስቀመጥባት 41። የሰፈሬ ኮብልስቶን ላይ ፕላስቲኳ 92 ደረሰች፣ እጄ ግን ዝም። በፍሬን 108። ቲቸር፣ ልክ እንዳልከው ነው፣ የሚንቀሳቀስ ሾክ ነው የሚያሳርፈው።

የኋላው ላይ ጋራዡን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ በልቤ። ግራው ሾክ በእውነት ሞቷል። ጭራዋን ተጭኜ ስለቃት መነጠሯን የሚይዘው ቀኙ ብቻ ነበር። ቡሺንጉን በ2 ሰዓት ቀየርነው። ሾኩን ግን ጥንድ መግዛት ግድ ሆነ፣ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጎ አይሆንም። ያው የራሷ ዓይነት፣ ያው ቁመት፣ 5 ደረጃ። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዞሮ አግኝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። አሁን እኔና ሳጥኑ ስንሆን ሁለቱም 3ኛ ላይ ናቸው፣ 37 ትሰምጣለች። ሚስቴን ስጭን 5ኛ ላይ አደርጋታለሁ፣ ቁልፏን ኪሴ ውስጥ ነው የምይዛት።

ሐሳቤ ይሄን ሾክ ብቻ ቀይሬ ቢሆን ኖሮ ነው። «ጓ» የሚለው ይጠፋ ነበር። እጄ ግን ይደነዝዝ ነበር፣ ኩርባውም ይንሳፈፍ ነበር፣ እኔም ሾኩን የሸጠልኝን እየረገምኩ እቀር ነበር።

የሻሸመኔ መንገድ 80 ላይ ሞከርኳት። ሲኖትራክ አለፈኝ። ንፋሱ ገፋኝ፣ ሞተሯ ግን መስመሯ ላይ ናት። አንድ ቀሪ ነገር አለ። አስፋልት የሌለበት መንገድ ላይ ረጅም ስነዳ የኋላው ትንሽ ይለሰልሳል። ይሞቃል መሰለኝ።


ቲቸር_ሞላ፦

ይሞቃል። ጉልበቱን ሁሉ ወደ ሙቀት ነው የለወጠው ብዬህ የለ? ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ቆመህ ሻይ ጠጣ፣ ይመለሳል።


አሞራ_ገደል_08፦

እኔም 36ቱን አውልቄ 32 መለስኩ። ድንጋዩን ለጎረቤት ሰጠሁት። 36ቱን የሚገዛ ካለ ይጻፍልኝ፣ ንጹሕ ነው።


የቱላዋ፦

ዋናውን አልነገርከንም እኮ። ባለቤትህስ?


ፍሪጅ_ሰሪው፦

ባለፈው እሑድ ጠዋት ከሪፈራል በር ላይ ጠበቅኳት። ባጃጁ ቀድሞኝ ቆሞ ነበር። ዓይታኝ ዝም ብላ ወጣች። አሞራ ገደል ድረስ ወስጄ ዓሣ አበላኋት። ሁለት ስፒድ ብሬከር ሆን ብዬ በፍጥነት አለፍኩ። ምንም አላለችም።

ቤት ስንደርስ ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ሞተሯን ዞር ብላ አየቻትና «አሁንስ ወገቤ ደህና ነው» አለች። ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልቆየም። «ግን ይሄ መቀመጫው ይቆረቁራል።»


ጋሽ_ዳዶ፦

ስፖንጁን ነው። ጠንካራውን አስገባ፣ ለስላሳው ተጨፍልቆ ብረቱ ላይ ነው የሚያስቀምጣት። ልኩን ለክተህ ላክልኝ።